ለባለ ጥቂት ገንዘብ በሩ ይዘጋ ወይስ ለሻጩ ልጓም ይበጅ?

በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



ከሁሉ አስቀድሜ በዚህ ዓመት ከመካከላችን የተለዩንን ነፍስ ይማር፤ ለቤተሰቦቻቸውም መጽናናትን ይስጥልን እላለሁ። ኮሚቴው ጥቂት ነገር እንድናገር ሲያዘኝ የመረጥሁት ርእስ ስለ ገንዘብ ነው። ይኸውም ስለ አክሲዮን፣ ለቤት ስለሚሰጥ ቅድሚያ ክፍያ፣ በስልክ ስለሚመጣው «ኢንቨስትመንት»፣ በጠቅላላው ሊያተርፍም ሊያከስርም በሚችል ነገር ላይ ገንዘብን ስለ ማዋል ነው። ጥያቄው አጭር ነው። እንደ እኔና እንደ እናንተ በጡረታ፣ በትንሽ ሱቅ ወይም በጥቂት እርሻ የሚተዳደር ሰው በእንዲህ ያለ ነገር እንዳይገባ መንግሥት በሩን ይዝጋበት? ወይስ «ገንዘቡ የራሱ ነው፤ ይወቅበት» ብሎ ይተወው?

በዚህ ነገር ሁለት ወገን ሲከራከር እሰማለሁ። አንደኛው ወገን፣ «ድኃና አክሲዮን ምን አገናኛቸው? የተማረና ሀብት ያለው ይግባበት፤ ሌላው ይከልከል» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ «ሰው በላቡ ያገኘውን ገንዘብ የት እንደሚያደርገው ማን ሊያዝዘው ይችላል? ቢያተርፍም ለራሱ፣ ቢከስርም በራሱ» ይላል። ሁለቱም ግማሽ ግማሽ እውነት ይዘዋል። የእኔ ሐሳብ ግን ሦስተኛ ነው። በሩ ለማንም አይዘጋ፤ ልጓሙ በሻጩ አፍ ይግባ፤ ለገዢውም ልክ ይበጅለት እላለሁ። ምክንያቴን በየተራ ልዘርዝር።

በመጀመሪያ በሩ ለምን አይዘጋም ለሚለው ነው። ገንዘብን በባንክ ማኖር መልካም ነው። የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ የሚባል ተቋቁሞ፣ ባንክ ቢወድቅ እንኳ ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100,000 ብር ድረስ ዋስትና እንዲሰጥ ተደርጓል። ነገር ግን በባንክ ያለን ገንዘብ ሌባ ባይነካውም የኑሮ ውድነት ይነካዋል። ከ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ ለቁጠባ የሚከፈለው ዝቅተኛ ወለድ በዓመት 7 በመቶ ሆኖ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ግን የዕቃ ዋጋ በዓመት ከ30 በመቶ በላይ ጨመረ። እንግዲህ 100 ብር ያስቀመጠ ሰው ዓመት ቆይቶ 107 ብር ሲያወጣ፣ 100 ብር የነበረው ዕቃ ከ130 ብር በላይ ሆኖ ጠበቀው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላማ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ታዲያ ባለ ጥቂቱን ገንዘብ «አንተ ከቁጠባ ደብተርህ አትውጣ» ማለት ከአደጋ መጠበቅ ነው ወይ? አንዱን አደጋ በሌላው መለወጥ ነው እንጂ።

የአገራችን የባንክ ታሪክም ሁለቱን ፊት ያሳያል። በ1967 ዓ.ም. ባንኮች ሲወረሱ፣ የአዲስ አበባ ባንክ አክሲዮን የነበራቸው ሰዎች ባንካቸው በአንድ ቀን የመንግሥት ሆነ። ኋላ የግል ባንክ እንደገና ሲፈቀድ፣ በ1987 ዓ.ም. 486 ሰዎች 24.2 ሚሊዮን ብር አዋጥተው አዋሽ ባንክን መሠረቱ። የፊተኛውን መወረስ ላስታወሰ ሰው ይህ ትልቅ ድፍረት ነበር። ዛሬ አዋሽ ከአገሪቱ ታላላቅ የግል ባንኮች አንዱ ነው። አደጋ ያለበት ነገር ሁሉ ማታለያ አይደለም ማለት ነው።

ታዲያ ሁሉም እንደ ፈቀደ ይሁን ወይ? ይህም አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1920 በአሜሪካ አገር በቦስተን ከተማ ቻርልስ ፖንዚ የሚባል ሰው ተነሥቶ፣ «በ45 ቀን ውስጥ በገንዘባችሁ ላይ ግማሹን ጨምሬ እከፍላችኋለሁ» አለ። የፊተኞቹ እውነትም ተከፈላቸው። ከየት ተከፈላቸው ቢባል፣ ከኋለኞቹ ገንዘብ ነው። የፊተኞቹ ደስ ብሏቸው ለዘመድ ለጎረቤት ሲያወሩ ሕዝቡ ጎረፈ። ዓመቱ ሳያልቅ ግን ነገሩ ፈረሰ። ዛሬ በስልክ የሚመጣብን ብዙው ነገር ይኸው የፖንዚ ሥራ ነው፤ ልብሱን ብቻ ነው የለወጠው።

«ሰው አምጣና ጉርሻ ውሰድ» የሚለውም የዚሁ ዘመድ ነው። እስቲ በቀላሉ እንቁጠረው። አንድ ሰው 10 ሰው አመጣ እንበል። ዐሥሩ እያንዳንዳቸው 10 ሲያመጡ 100 ይሆናሉ፤ ቀጥሎ 1,000፣ ቀጥሎ 10,000 ይሆናሉ። በስምንተኛው ተራ 100 ሚሊዮን ሰው ያስፈልጋል። በዘጠነኛው 1,000 ሚሊዮን ሰው ያስፈልጋል። ያን ያህል ሰው በኢትዮጵያ የለም! ስለዚህ በመጨረሻ የገባው ሕዝብ ከመክሰር በስተቀር ሌላ መንገድ የለውም። የሚከስረው ደግሞ ሁልጊዜ ብዙው ነው። በአገራችን እንዲህ ያለውን የፒራሚድ ሽያጭ በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 813 ከልክሎታል። ቢከለከልም በየስልኩ መምጣቱን አልተወም።

መንግሥት ዝም ሲል የሚሆነውን አልባንያ በምትባል የአውሮፓ አገር አይተናል። እ.ኤ.አ. በ1996 እና በ1997 ከሕዝቡ ሦስት እጅ ሁለቱ የሚሆነው ገንዘቡን በእንዲህ ያሉ ድርጅቶች ውስጥ አስገባ። ቤቱንና ከብቱን የሸጠ ብዙ ነበር። ድርጅቶቹ ሲፈርሱ የነበረባቸው ዕዳ ከአገሪቱ የዓመት ምርት ግማሽ ለመሆን የቀረበ ነበር። ሕዝቡ ተነሣ፤ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ተዘረፈ፤ ወደ 2,000 ሰው ሞተ። ባለሥልጣኖቹ በቁርጥ የተነሡት ነገሩ ከተባባሰ በኋላ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉታል ይኸን ነው።

«ቢከስርም በራሱ» የሚሉ ሰዎች የእድር ኮሚቴ ሆነው ቢያውቁ ኖሮ እንዲህ አይሉም ነበር። የከሰረ ሰው መጀመሪያ የሚያቆመው ወርሃዊ መዋጮውን ነው። ውዝፉ ሦስት ወር፣ ከዚያ ስድስት ወር ይሆንና ስሙ ለኮሚቴ ይቀርባል። ሰውየውም አፍሮ ከለቅሶ ቤት ይቀራል። ሞት ግን ውዝፍ እስኪከፈል አይጠብቅም። እናቱ ስታርፍ «ይህ ሰው ውዝፍ አለበት» ብለን ድንኳኑን እንከለክለዋለን? አንከለክለውም፤ አድርገነውም አናውቅም። ድንኳኑን እንተክላለን፤ ወጪውን እኛ እንካፈላለን። ስለዚህ የአንድ ሰው ኪሳራ የጎረቤቱም ኪሳራ ነው። ገንዘቡ የራሱ ቢሆንም ጉዳቱ የራሱ ብቻ አይደለም። መንግሥት በዚህ ነገር እጁን ያስገባ የምልበት ዋናው ምክንያት ይኸው ነው።

እንግዲህ እጁን እንዴት ያስገባ ወደሚለው እንምጣ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣ ደንብ አለ። መንግሥት ያልመዘገበውን አደገኛ የአክሲዮን ሽያጭ በሰፊው እንዲገዛ የሚፈቀደው ሀብታም ለሆነ ሰው ነው። መለኪያው በዓመት ከ200,000 ዶላር በላይ ገቢ ወይም ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሀብት ነው። የመኖሪያ ቤት አይቆጠርም። ሐሳቡ «ሀብታም ቢከስር ይችለዋል» የሚል ነው። እውነት አለበት። ነገር ግን ገንዘብ ያለው ሁሉ ዐዋቂ ነው ወይ? ውርስ የደረሰው ጎረምሳ ይፈቀድለትና፣ ዕድሜ ልኩን ሒሳብ ያስተማረ መምህር ይከለከላል። በእኛ አገር ደግሞ እንዲህ ቢደረግ ባለ ጥቂቱ ገንዘብ ዝም ብሎ አይቀመጥም። የተመዘገበው በር ሲዘጋበት ባልተመዘገበው፣ በስልኩ በር ይገባል። ያኛው በር ደግሞ ደረሰኝ የለውም።

ከዚህ ይልቅ የራሳችንን እቁብ እንመልከት። እቁብ ውስጥ ስንገባ «ሀብትህ ስንት ነው?» ብሎ የሚጠይቀን የለም። አቅም ያነሰው ግማሽ እጣ፣ ከዚያም ያነሰው ሩብ እጣ ይይዛል። ዋስ አምጣ የሚባለው ማን ነው? እጣ የወጣለት፣ የሰውን ገንዘብ ሊወስድ የተነሣው ነው። ከፋዩን በልኩ፣ ወሳጁን በዋስ ማለት ነው። አባቶቻችን የደረሱበት ይህ ደንብ ለአክሲዮንም ይሠራል እላለሁ። ድኃውን «አትግባ» አንበለው፤ ሩብ እጣ እንስጠው። ገንዘብ ሰብሳቢውን ግን ዋስ እንጠይቀው።

ዋስ ተጠየቀ ማለት ደግሞ አደጋው ጠፋ ማለት አይደለም። ይህን እኛ የአርሲ ሰዎች ከስንዴ ተምረነዋል። ከካዱ ዘመን ጀምሮ ስንዴ በቁሉምሳ ይሞከራል፤ ተፈትኖ ያለፈው ዝርያ ለገበሬው ይሰጣል። ኩብሳ የሚባለው ዝርያ ተፈትኖ ያለፈ፣ ምርቱም ሸጋ ነበር። ይሁን እንጂ በ2003 ዓ.ም. መኸር ቢጫ ዋግ መጣና ኩብሳ ብቻ የዘራውን ገበሬ ባዶ እጁን አስቀረው። ከዚያ ብዙው ሰው ቢጫ ዋጉን ወደ ተቋቋመው ወደ ዲገሉ ዞረ። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ የግንድ ዋግ ዲገሉን መታው። ቁሉምሳዎች ዋሽተዋል ወይ? አልዋሹም። ምርመራው የሐሰት ዘር እንዳይሸጥልን ይጠብቀናል፤ ከዋግ ግን ፈጽሞ አያድነንም። ከዋግ የሚያድነው መሬትን ከፋፍሎ አንዱን ስንዴ፣ አንዱን ገብስ፣ አንዱን ባቄላ መዝራት ነው። የመንግሥት ድርሻና የእኛ ድርሻ እንዲህ ነው የሚለየው። ሐሰቱን መንግሥት ይከልክል፤ ዋጉን እኛ ከፋፍለን እንቻለው።

በአገራችን ይህን የሚከታተል ሕግ የመጣው ዘግይቶ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ አክሲዮን ለሕዝብ መሸጥን ፈቅዶ ነበር፤ ሻጩን ብቻ የሚከታተል መሥሪያ ቤት ግን አልነበረም። በየጋዜጣው «በምሥረታ ላይ ያለ አክሲዮን ማኅበር» የሚል ማስታወቂያ ይወጣል፤ ሕዝቡም ይከፍላል። ቤት ገዢውም ቢሆን ተመልካች አልነበረውም። አክሰስ ሪል ስቴት ከሁለት ሺህ ከማያንሱ ቤት ገዢዎች ገንዘብ ሰብስቦ፣ ሰዎቹ ቤታቸውን ሳያገኙ ዓመታት አለፉባቸው፤ ነገሩም መንግሥት እስከ ሰየመው ኮሚቴ ድረስ ሄደ። ሆን ተብሎ ተደረገ ወይስ ሥራው ከበደ ብዬ ለመፍረድ አልተነሣሁም። እኔ የምለው፣ የዚያን ያህል ሰው ገንዘብ ሲሰበሰብ ከየቀኑ ሒሳብ ላይ ዓይኑን የማያነሣ ዳኛ መኖር ነበረበት ነው።

በ2013 ዓ.ም. የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248 ወጣ። በዚሁ አዋጅ የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ተቋቋመ። አክሲዮን ለሕዝብ የሚሸጥ ድርጅት ሒሳቡን፣ ዕዳውንና ሊመጣ የሚችለውን አደጋ በመግለጫ ሰነድ ጽፎ ለዚህ መሥሪያ ቤት እንዲያቀርብ ታዘዘ። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በአዲስ አበባ ተከፈተ። በዚያው ዓመት ኢትዮ ቴሌኮም 100 ሚሊዮን አክሲዮን እያንዳንዱን በ300 ብር ለሕዝብ አቀረበ። ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለት 9,900 ብር ነበር። ትልቁ 3,333 አክሲዮን፣ ማለት 999,900 ብር ነበር። ሽያጩ ሲዘጋ 47,377 ሰዎች 10.7 ሚሊዮን አክሲዮን በ3.2 ቢሊዮን ብር ገዝተው ተገኙ። ልብ በሉ፤ ደንቡ «ሀብታም ብቻ ይግዛ» አላለም። ከታችም ከላይም ልክ አበጀለት። ግማሽ እጣና ሙሉ እጣ እንደ ማለት ነው።

ሆኖም እውነተኛ ድርጅትም ቢሆን ዋጋው ይወርዳል። ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2008 የሳፋሪኮምን አክሲዮን በ5 ሽልንግ ሸጠች። ከ800,000 በላይ ሰው ለመግዛት ተሰለፈ። ገበያው ሲከፈት ከ7 ሽልንግ በላይ ወጣ፤ ዓመት ሳይሞላ ከ3 ሽልንግ በታች ወረደ። ዕዳ ሳይኖርበት ገዝቶ የታገሠ ሰው እ.ኤ.አ. በ2021 ከ40 ሽልንግ በላይ ሲሆን አየው። ከባንክ ተበድሮ የገዛ ሰው ግን ዕዳው አላስታግሥ ብሎት በርካሽ ሸጦ ወጣ። አክሲዮኑ አንድ ነው፤ ሰዎቹን የለያቸው ብድሩ ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ አይደለም ወይ?

እንግሊዞች ይህን ተመልክተው እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ጥሩ ደንብ አውጥተዋል። አደገኛ በሆነው ነገር ውስጥ የሚገባ ተራ ሰው ከሀብቱ ከ10 በመቶ በላይ እንደማያስገባ በፊርማው ያረጋግጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከአንድ ሻጭ ሲገዛ 24 ሰዓት ይቆያል፤ አስቦበት ከተመለሰ ነው የሚፈቀድለት። ሻጩም «ጓደኛህን አምጣና ጉርሻ ውሰድ» ማለት አይችልም። ለእኛ የሚበጀው ከአሜሪካው ይልቅ ይኸኛው ይመስለኛል።

ስለሆነም ለሚመለከተው አካል እንዲደርስ የምፈልገው አራት ነገር ነው።

አንደኛ፣ መግለጫ ሰነዱ በወፍራም መጽሐፍ ብቻ አይቅር። አንድ ገጽ የማይሞላ ማሳጠሪያ በኦሮምኛ፣ በአማርኛና ሕዝቡ በሚናገረው ቋንቋ ይዘጋጅ። የመጀመሪያው መስመር «ይህን ገንዘብ ልታጣው ትችላለህ» የሚል ይሁን። የሕግ ቃል የበዛበት ወረቀት እኛን የመሰለ አንባቢ እንዲፈርም እንጂ እንዲረዳ አያደርገውም።

ሁለተኛ፣ ፈቃድ ያላቸው ሻጮች ዝርዝር በየቀበሌው ሰሌዳ ይለጠፍ፤ በሬዲዮም ይነገር። ኢንተርኔት የሚከፍት ልጅ በየቤቱ የለም። ፈቃድ የሌለው ሲገኝ ማስጠንቀቂያው ገንዘቡ ከተሰበሰበ በኋላ ሳይሆን በተጀመረበት ሳምንት ይምጣ።

ሦስተኛ፣ ለጀማሪ ልክ ይበጅለት። ገንዘቡም ከመከፈሉ በፊት አንድ ሌሊት ይደር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና።

አራተኛ፣ ሰው ላመጣ ሰው ጉርሻ መክፈልና ለአክሲዮን መግዣ ብሎ ማበደር ይከልከል። ልጓም ያልሁት ይኸው ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት ልመለስ። እንደምታውቁት ባለፉት ወራት አንዳንድ ሰዎች ወደ ኮሚቴው መጥተው ነበር። ስማቸውን አላነሣም። በእድራችን ስብሰባ ላይ ስለ አንድ የስልክ ኢንቨስትመንት እንዲናገሩ እንዲፈቀድላቸው፣ ለሚመዘገብ ለእያንዳንዱ አባል ለእድሩ ካዝና ጥቂት ብር እንዲያስገቡ ጠየቁ። ፈቃዳቸውን አሳዩን ሲባሉ «በሂደት ላይ ነው» አሉ። ኮሚቴው ጉዳዩን ለዚህ ጉባኤ አቅርቦታል፤ ዛሬ ድምፅ ትሰጡበታላችሁ።

ከመካከላችን «ድንኳናችን አርጅቷል፤ ወንበርም ጎድሎናል፤ ያ ብር ቢገባ ምን ይጎዳል?» የሚል አለ። የድንኳኑ ማርጀት እውነት ነው። ነገር ግን እነዚህ ሰዎች ሊገዙ የመጡት ድንኳን አይደለም፤ እርስ በርስ መተማመናችንን ነው። ጥሩምባ ሲነፋ ሌሊት ተነሥተን የምንሄደው እድሩን ስለምናምነው ነው። «እድሩ ፈቅዶለታል» ከተባለ፣ ወረቀት የማታነብ እናት ምንም ሳትጠይቅ ገንዘቧን ታወጣለች። ያ ገንዘብ ቢጠፋ ማን ደጅ ቆማ ታለቅሳለች? ለእኛስ የገባው ጉርሻ ከእርሷ ገንዘብ የተቆረሰ አይሆንም ወይ?

ስለዚህ ለጉባኤው ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። የመጀመሪያው፣ በእድራችን ስብሰባና በለቅሶ ድንኳናችን ሥር ማንም ሰው፣ ፈቃድ ያለውም ቢሆን፣ አክሲዮንም ሆነ ሌላ ኢንቨስትመንት እንዳይሸጥ በመተዳደሪያ ደንባችን ይጻፍ። ሁለተኛው፣ የእድሩ ተቀማጭ በምንም ዓይነት አክሲዮን ውስጥ ሳይገባ በባንክ ይቆይ። ዋጋ ሲወድድ መዋጮውን በየዓመቱ እናስተካክል እንጂ የቀብር ገንዘብ ዋጋ እስኪወጣ ተብሎ አይጠበቅበትም። ሦስተኛው፣ ማንም አባል አክሲዮን ልግዛ ብሎ ሲያስብ ወረቀቱን ይዞ ወደ ጸሐፊው ይምጣ፤ ማንበብ የሚችሉ ሁለት ሦስት ሰዎች አብረውት ያንብቡለት። «ግዛ» ወይም «አትግዛ» አይሉትም። ፈቃድ አለው ወይ፣ ገንዘቡን የሚቀበለው ማን ነው፣ መውጣት ቢፈልግ በምን መንገድ ይወጣል፣ እነዚህን ብቻ ያሳዩታል። እነዚያ ሰዎች ግን የጉርሻ ሳንቲም እንዳይነኩ።

ከዚያ በኋላ የሚገዛ አባል ቢኖር መልካም ይሁንለት፤ ቢያተርፍ ደስታችን ነው። የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የቤት ኪራዩን፣ የእድር መዋጮውን አስቀምጦ ከተረፈው ሩብ እጣ ይያዝ። ቢጠፋበት ቤቱ የማይናጋበትን ያህል ብቻ ማለቴ ነው።

ድምፅ ስትሰጡ የዛሬውን ካዝና ብቻ ሳይሆን በሚመጣው ዓመት እዚህ ተቀምጠን የምንተያየውን ፊት አስቡ።

ለእድራችን ዕድሜ፣ ለአገራችን ሰላምና በረከት ይስጥልን።